እርጥብ ቀላድ

እንቅልፍ እምቢ አላት። ይበል፤ እምቢ ማለት ለጎጃም ሰው ብርቅ ነው እንዴ! ጥሩአየሁ በጠራራ ፀሐይ የመስኮቱን የብረት መጋረጃ እስከ ታች ጥርቅም አድርጋ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋዋ ላይ ተጋድማለች። በመጋረጃው ሽንቁር የሚሾልከው የሰኔ ብርሃን ግድግዳውን ጤፍ የተበተነበት አስመስሎታል፤ ይህ ጀርመን የሚሉት አገር መንፈቁን ሙሉ ፀሐዩን ሲሰስት ከርሞ ሰኔ ላይ ያለ ልክ ይዘረግፈዋል፣ እንኳን ሰው ዶሮም አያስተኛ። ሁለት ሌሊት ዓይኗ አልተከደነም፣ ዛሬ ደግሞ በቀን ልሞክረው ብላ ከሥራ ወጥታ መጥታለች፤ ወጥታ መጥታለች ማለት እንኳ ሲያንስ ነው፣ የአለቃዋን በር ድርግም አድርጋ ነው የወጣችው፣ እዚህ አገር ደግሞ በር ድርግም አይደረግም፣ ሰው ቢሞት እንኳ በቀስታ ነው የሚዘጋው። እና አሁን በጀርባዋ ተንጋላ ጣሪያውን እያየች፣ የለም አልፈርምም፣ ሞቼ እገኛለሁ፣ ትላለች፤ ወዲያው ደግሞ፣ ምን አለበት፣ አንዲት ስም ናት፣ ማን ያያታል፣ ትላለች፤ ወዲያው ራሷን፣ አንቺ ልክስክስ፣ ብላ ትሰድባለች፣ ተገላብጣም ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች።

ነገሩ ይህ ነው። አለቃዋ ዶክተር ክሌመንስ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ መልስሽን እፈልጋለሁ ብሏታል። መልሱ አጭር ነው፤ መሥሪያ ቤቱ በሚያወጣው ካርታ ላይ ስምሽ ይግባ ወይስ አይግባ። ከገባ የሥራ ውሏ ይታደሳል፣ ውሉ ከታደሰ የመኖሪያ ፈቃዷ ይታደሳል፣ ይህች ጠባብ ቤት፣ ይህ የማያስተኛ አልጋ የሷ እንደሆነ ይቀጥላል። ካልገባ በመስከረም ጓዟን ጠቅልላ ወደ ውጭ። ያን ያህል ዓመት ተምራ፣ ያን ያህል ክረምት በበረዶ ላይ ተንሸራታ ወድቃ ተነሥታ፣ ባዶ እጇን። ክሌመንስ ደግሞ ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን እንዴት ደስ ባላት! ክፉን ሰው እምቢ ማለት ምኑ ይከብዳል። እሱ ግን በልደቷ ቀን ኬክ ጋግሮ የሚያመጣ፣ እናቷ ያረፈች ጊዜ እጇን ይዞ ዓይኑ እንባ ያዘለ ሰው ነው። «ጥሩ፣ አስቢበት፣ ለአንቺው ብዬ ነው» ነው ያላት። ለአንቺው ብዬ ነው የሚል ሰው ሲገጥም መሸሽ ነው፣ አሁን የት ይሸሻል?

ሥራሽ ምንድን ነው የሚላትን አገር ቤት ለስንቱ መልሳ ለስንቱ ትመልስ። ሁለት ሳተላይቶች አሉ፤ ፈረንጆቹ ግሬስ ይሏቸዋል፣ ጸጋ እንደማለት ነው። አንዷ ከፊት አንዷ ከኋላ፣ በመካከላቸው በአገሯ በጎጃም ከቢቸና ሞጣ ደርሶ መልስ የሚያህል መንገድ ትተው፣ ገበያ እንደሚወርዱ ባልና ሚስት ተከታትለው ምድርን ይዞራሉ። እሷ በልቧ ስም አውጥታላቸዋለች፤ ፊተኛዋ ቢቸና፣ ኋለኛዋ ሞጣ። ዓይን የላቸውም፣ ፎቶ አያነሡም፣ ሥራቸው በመካከላቸው ያለውን ርቀት መለካት ብቻ ነው። ከበታቻቸው ከባድ ነገር ሲገጥም፣ የበረዶ ክምር ይሁን ዝናብ የጠገበ አገር፣ መጀመሪያ ፊተኛዋን ሳብ ያደርጋታል፣ ርቀቱ ከፀጉር ቅጥነት ባነሰ ይሰፋል፤ ቀጥሎ ኋለኛዋ ደርሳ እሷም ትሳባለች። ከዚያች ቅንጣት ልዩነት ተነሥቶ ነው በዚህ ወር የትኛው አገር ከበደ፣ የትኛው ቀለለ፣ ውሃው የት ገባ የሚባለው። መጀመሪያ ያየች ቀን፣ የኢትዮጵያ ደጋ በሙሉ በነሐሴ ዝናቡን ጠጥቶ ሲከብድ፣ በሚያዝያ ሲቀልል፣ እንደ ሰው ደረት ሞላ ጎደል ሲል በኮምፒዩተሯ መስታወት ላይ ያየች ቀን፣ ጥሩአየሁ ብድግ ብላ እልል አለች፤ ከጎረቤት ክፍል ያሉት እሳት ተነሣ ብለው ወጡ። ሲስቁባት ሳቀች፣ ምን ታድርግ፣ ክረምት ሲከብድ አይታ የማታውቅ ሰው ናት እንዴ! ደጋው በሙሉ ግን ነው። ከዚያ ላይ ቢቸና ብቻዋን የለችም፣ ሞጣ ብቻዋን የለችም፣ ከእነ ጉንደ ወይን ከእነ አማኑኤል ጋር ተለውሰው አንድ ሊጥ ናቸው። አሁንማ ሳተላይቶቹም አርጅተዋል፣ ባትሪያቸው ደክሞ እየበራ እየጠፋ ነው፤ እነ ክሌመንስ የሚጣደፉትም ለዚሁ ነው፣ ሳይሞቱብን አንድ የሚያስጨበጭብ ነገር እናውጣ ብለው።

ያወጡት ካርታ እንግዲህ ቢቸናን ቀይ፣ ሞጣን ሰማያዊ ቀብቶ ቁጭ ብሏል። ከየት አምጥቶ? ሊጡን በሒሳብ ከትፈው ከትፈው፣ ለየወረዳው አንድ አንድ ጉርሻ አድርሰውት ነዋ! ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ አሉ። ጥሩአየሁ ዝም ብላ አልተቃወመችም፤ ሒሳቡ የተሠራበትን፣ ምድሪቱን በአራት ማዕዘን የሚከፋፍለውን መረብ ግማሽ እርምጃ ወደ ጎን ገፋ አድርጋ ደግማ ሠራችው፣ ቢቸና ሰማያዊ ሆነች፣ ሞጣ ቀላች። ያው ሳተላይት፣ ያው ቁጥር፣ ያው ወር! ይዛው ወደ ክሌመንስ ገባች። አየው፣ መነጽሩን አወለቀ፣ «ስሕተት የሌለበት ካርታ የለም» አላት፣ «በግርጌ ማስታወሻ እንጽፈዋለን።» ከግርጌው በላይ ያለውስ? ከግርጌው በላይ ያለው፣ በቀይ የተቀለሙት ወረዳዎች ውሃ እየከዳቸው ስለሆነ ነዋሪዎቻቸው ወደ ሌላ ስፍራ ቢዛወሩ ይመከራል፣ ይላል። ይመከራል! ማን ምከሩን አላችሁ! ገንዘቡን የሚሰጡት ሰዎች ወረዳ በወረዳ ንገሩን ስላሉ፣ ወረዳ በወረዳ ይነገራቸዋል፣ ዓይን ይኑር አይኑር። «ያንቺ ስም ሲኖርበት ደግሞ ይታመናል፣ የአገሩ ልጅ ነሽ» አለ ክሌመንስ፣ ያን ጊዜ ነው እንግዲህ በሩ ድርግም ያለው።

ስምሽ ይላታል። ስሙስ የሷ ቢሆን አንድ ነገር ነበር። እዚህ አገር ሰው የሚጠራው ከቅድመ አያቱ ሲወርድ ሲዋረድ በመጣ የቤተሰብ ስም ነው፤ እሷ ደግሞ የላትም፣ ጥሩአየሁ ናት፣ አባቷ ከፋለ፣ አያቷ አካለ ወልድ፣ በቃ። ገና የመጣች ሰሞን የውጭ ዜጎች ቢሮ የተቀመጠችው ሴትዮ «የቤተሰብ ስም?» ብትላት «የማንኛቸውን? ብዙ ነን እኮ» አለቻት። ሴትዮዋ አልሳቀችም፣ ከፋለ የሚለውን ቀድታ ጻፈች፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ፍራው ከፋለ ናት። ወይዘሮ ከፋለ! ሐኪም ቤት ወረፋዋ ደርሶ «ከፋለ!» ብለው ሲጣሩ፣ አባቷ ከኋላዋ ወንበር ላይ በትራቸውን ይዘው የተቀመጡ እየመሰላት ዞር ትላለች። ስልክ ሲያነሡም ሃሎ አይሉም እዚህ፣ ስማቸውን ነው የሚሉት፤ «ክሌመንስ» ይላል እሱ ኮስተር ብሎ። እሷ ግን ይኸው ስንት ዓመቷ፣ አንድም ቀን «ከፋለ» ብላ አንሥታ አታውቅም፤ አባቴ በሕይወት እያሉ እኔ እሳቸውን ነኝ ልበል? ሃሎ ትላለች፣ ባላገር ይበሏት። እና ካርታው ላይ የሚገባው ስም ጥሩአየሁ አይደለም፣ ጥሩአየሁ አንዲት ፊደል ሆና ከፊት ትንጠለጠላለች፤ የከፋለ ካርታ ነው የሚባለው። ከፋለ ቢቸናን ልቀቁ አለ ነው የሚባለው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ፣ ይሄው ከመቃብር በፊት ሊውል ነው!

ጉዱ ደግሞ አባቷ በዚሁ ስም ተቀይመው ሦስት ዓመት አላናገሯትም። ሄለን የምትባል የቢቸና ግብርና ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ናት መዘዙን ያመጣችው፣ እሷም ደግ አደረግሁ ብላ፤ በስልኳ ስትነካካ ጥሩአየሁ ያሳተመችውን ጥናት አገኘች፣ ከፊቱ የሰፈረውን ስም አነበበችና ሮጣ አቶ ከፋለ ደጃፍ ደረሰች። «አባባ፣ እንኳን ደስ ያለዎ፣ ስምዎ ፈረንጅ አገር ታትሟል!» አለቻቸው። «ምን ይላል?» አሉ አቶ ከፋለ፣ ጋቢያቸውን አስተካክለው። «ከፋለና ባልደረቦቹ መሬትን ከሰማይ ሆነው ለኩ፣ ይላል።» ፈረንጅ ለዓለሙ ሌላ ቃል አለው ለማሳው ሌላ፤ እኛ ዘንድ ዓለሙም መሬት ነው ማሳውም መሬት ነው፣ ማን ይለየዋል! አቶ ከፋለ የገባቸው አንድ ነገር ነው፤ ልጃቸው መሬት ለኪ ሆናለች፣ ያውም በእሳቸው ስም። በጎጃም መሬት ለኪ፣ ቀላድ ጣይ፣ ገመዱን ይዞ በሰው ማሳ የሚገባ ማለት ነው፣ ከሌባ ቢያንስ እንጂ አይበልጥም፤ ሌባ እንኳ ሲሰርቅ ያፍራል። አያቷ አካለ ወልድ በስድሳ ዓመተ ምሕረት ቀላድ መጣ ሲባል ምንሽር ጠመንጃቸውን ይዘው ዱር የገቡ ሰው ናቸው። የልጅ ልጃቸው ቀላዱን ከሰማይ ጣለችው! ከዚያ ወዲያ አቶ ከፋለ በየማኅበሩ ልጆችህ ደኅና ናቸው ወይ ሲባሉ «ያለችኝ አንዲት ስንቄ ናት፣ ደኅና ናት» ይላሉ አሉ። አምና እናቷ አመተ ሥላሴ ስታርፍ ጥሩአየሁ ፈቃዷ እየታደሰ ነበርና ከወጣሽ አትመለሺም ተብላ አልሄደችም፤ በስልክ ነው ያለቀሰችው፣ ለቀስተኛው ሁሉ ስልኩን እየተቀባበለ አጽናናት፣ አባቷ ጋ ሲደርስ ሳል ብቻ ሰማች። የእሳቸው ሳል ነው፣ ታውቀዋለች። እናትሽን አፈር ሳታለብሺ ማን ብለሽ ነው ስለ አገር ክብር የምትደነፊው፣ ትላለች አሁን ለራሷ፣ አፍሽን ዝጊና ፈርሚ። አልፈርምም! ያም ጥፋቴ ነው፣ ይሄ ደግሞ ሌላ ነው፣ በአንድ ጥፋት ላይ ሌላ አልደርብም።

ዓይኗን ጨፈነች። ሰማንያ ዘጠኝ ነው፣ መጋቢት፣ ያልታሰበ ዶፍ ወርዶ አባርቷል። ለኪዎቹ ማሳው ዳር ቆመዋል፣ የቃጫ ገመዳቸው ጭቃ ለብሶ ውሃ ያንጠባጥባል። አባቷ በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር ጸሐፊ ነበሩና ቢሮክራሲ ተብለዋል፣ ቢሮክራሲ የተባለ ሰው ድርሻው አራት ጥማድ ነው፣ የተረፈው ለሌላ ይሰጣል። አባቷ አይከራከሩም፤ መሬት ለሌለው ይሰጥ፣ ደግ፣ እግዜርም ይወደዋል፣ ይላሉ። ብቻ፣ «ገመዱ ይድረቅ» ይላሉ። ቃጫ ውሃ ሲጠጣ ያጥራል፣ ይህን የማያውቅ በሬ ጠማጅ የለም። «ጊዜ የለንም» ይላል ለኪው። «እኔ አለኝ፣ እዚህ ድንጋይ ላይ አንጥፉት፣ ፀሐይ ወጥቷል፣ አብረን እንቀመጥ፣ ጠላ ይምጣላችሁ፣ ገመዱ ብቻ ይድረቅ።» ይስቁባቸዋል። ጥሩአየሁ ከስድስተኛ ክፍል ወጥታ ደብተሯን እንዳቀፈች ቆማ ታያለች፣ አባቷ አሥር ጊዜ ገመዱ ይድረቅ ይላሉ፣ አሥሩንም ጊዜ የሚጽፍ የለም። በእርጥቡ ገመድ አራት ጥማድ ተለካላቸው፤ በወረቀት አራት፣ በበሬ ሲታረስ ሦስት ተኩል። ሳተላይቶቹ በመካከላቸው የማይታየውን ገመድ ይዘው ሲዞሩ ባየች ቁጥር ያች የቃጫ ገመድ ትታያታለች፣ ለዚህም ይሆናል ይህን ሥራ የመረጠችው፤ የማይረጥብ ገመድ አገኘሁ ብላ ነበር እኮ! ገመዱስ አይረጥብም፣ እውነት ነው። የሚያረጥበው ሰው ነው።

ብድግ ብላ ተቀመጠች፣ ስልኳን አነሣች። ታላቅ እኅቷ ስንቄ ሞጣ ባል አግብታ ነው የምትኖረው፤ ትናንት ልጇን ክርስትና አስነሥታለች፣ አባታቸውም ከቢቸና መጥተው እዚያው አድረዋል። ጥሩአየሁ ነገሩን ሁሉ አንድ ሳታስቀር ዘረገፈችላት፣ ካርታውን፣ ስሙን፣ አሥራ አንድ ሰዓቱን።

«አንቺ ልጅ፣ ፈርመሽ አትኖሪም?» አለች ስንቄ። «ማን ቢቸና ተቀምጦ የፈረንጅ ካርታ ያያል?»

«በሰማንያ ዘጠኝም ማን ወረቀት ያነባል ብለን ነበር፣ እትዬ።»

«እሱስ።» አለች ስንቄ። «ታዲያ ምን ላርግልሽ?»

«ድምፁን ከፍ አድርጊውና አባዬ ይስሙኝ። አይመልሱልኝ፣ ይስሙኝ ብቻ።»

ከወዲያ ጫጫታ አለ፣ የሕፃን ልቅሶ፣ የብርጭቆ ድምፅ፤ ከዚያ ሦስት ዓመት ያልሰማችው ድምፅ፣ ከራቅ ካለ ቦታ፣ «ያች ቀላድ ጣይ ናት?»

«ጥሩአየሁ ናት አባዬ» አለች ስንቄ።

«ምን ትላለች በያት።»

«ምን ትላለች በያት ይሉሻል» አለች ስንቄ፣ ስልኩ ጮክ ብሎ ሁሉም እየተሰማ።

«ስም ካርታ ላይ አግቢ ብለውኛል በያቸው።»

«ስም ካርታ ላይ አግቢ ብለውኛል ትላለች።»

«የማንን ስም? የሷን ነው የኔን?»

ስንቄ አልደገመችውም። «የእርስዎን» አለች ጥሩአየሁ።

«ንገሪያት ስንቄ፣ ስሜን ከሰማይ ታውርድልኝ በያት! እዚያ ሰቅላ የሰው መሳቂያ አደረገችኝ! ደግሞስ፣ የኔን ማሳ ስንት አገኘችው? ለክታ የለ? ስንት አለች በያት!»

«አላየሁትም አባዬ።»

«ምን አለች?»

«ማሳዎን አላየሁትም። ከዚያ ላይ አይታይም። እንኳን ማሳ፣ ቢቸናና ሞጣም አይለዩም።»

«ቢቸናና ሞጣ አይለዩም?» አሉ አቶ ከፋለ ቀስ ብለው፣ ከቁጣም ከኀዘንም የወጣ ድምፅ ነበር፣ የተናቀ ሰው ድምፅ። «እንዴት ነው የማይለዩት? ምን ዓይነት ጉድ ነው! ታዲያ እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ በየማለዳው ማሳዬ ላይ ቆሜ ሽቅብ የምሰድበው ዕውር ነው?»

ስንቄ ሳቋን መያዝ አቃታት፣ ጥሩአየሁም አልጋው ላይ ሆና ሳቀች፣ ስትስቅ እንባዋ መጣ፣ አባቷ በትራቸውን ወደ ሰማይ ቀስረው ታዩዋት። አሁን ነው፣ አለች በልቧ፣ አሁን ካልተናገርሽ ዲዳ ሁኚ። እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች።

«አባዬ፣ ገመዱ እርጥብ ነው።»

ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋች።

«በእርጥብ ገመድ ለክተው የቢቸና ሰው ይነሣ ሊሉ ነው። ገመዱ ይድረቅ አልኳቸው፣ ጊዜ የለንም አሉኝ። እሺ ካልኩ የእርስዎ ስም ይገባል፣ ከፋለ ልቀቁ አለ ይባላል። እምቢ ካልኩ ከሥራ ያስወጡኛል። እነግርዎታለሁ ብዬ ነው የደወልኩ፣ ሌላ አይደለም።»

በትር ወለል ሲነካ ተሰማ፣ የጋቢ መንኮሻኮሽ፣ «አምጪው ወዲህ» የሚል፣ ከዚያ ስልኩ አፍ ላይ ትንፋሽ፣ ከባድ፣ ቅርብ።

«ገመዱ ይድረቅ አልሽ?» አሉ፣ በቀጥታ፣ ለሷ።

«አልኩ።»

«በአፍሽ?»

«በአፌ። በሩንም ድርግም አድርጌ ወጣሁ።»

«እሱስ ብልግና ነው» አሉ፣ ጉሮሯቸውንም ጠራረጉ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ።»

ተረቱ የማንም ነው፣ ሕፃን የሚያውቀው፣ አባቷ ግን መጨረሻዋን ቃል ጫን ብለው አሳርፈው ነው የተናገሯት፤ የቅኔ አገር ሰው እንዲያው በከንቱ ቃል አይጫንም። ጥሩ አሏት። ሦስት ዓመት ያልጠሯትን ስም በተረት ሸሽገው ጠሯት። ጥሩአየሁ አፏን በትራሱ ያዘች።

«ስሙን ከካርታው አስወጣለሁ አባዬ፣ አይሥጉ» አለች ድምፅዋ ሲመለስላት።

«ማን አስወጪ አለሽ! ካርታው ላይ አይግባ፣ እምቢታው ላይ ግን ይግባ። እኔ ያን ጊዜ ገመዱ ይድረቅ ስል ምላሴ እስኪዝል አንድ የጻፈልኝ ሰው አለ? የለም። አንቺ ጻፊው፣ መጻፍ አስተምሬሽ የለ! ከፋለ ያልለየውን አይከፍልም በያቸው።»

«ያስወጡኛል እኮ።»

«ያስወጡሽ! ሦስት ተኩል ጥማድ አለኝ፣ በወረቀት አራት ነው። ነይና ግማሿን አብረን እንፈልጋታለን።» ከዚያ ድምፃቸው ከስልኩ ራቀ፣ «እንቺ ውሰጂው ስንቄ፣ ጆሮዬን አጋለው።» ደኅና ዋይ የለ፣ ምን የለ።

መጋረጃውን ወደ ላይ ጎተተችው፤ ብርሃኑ እንዳለ ግልብጥ ብሎ ገባ፣ ይግባ። ኮምፒዩተሩን ከፈተች። ቢቸና ቀይ የሆነችበትንና ቢቸና ሰማያዊ የሆነችበትን ሁለቱን ካርታ ጎን ለጎን አያያዘች፣ ከሥራቸው በእነሱው ቋንቋ ጻፈች፤ ይህ መሣሪያ ሁለቱን ከተሞች አንዱን ከሌላው አይለይም፣ ስለዚህ ለየትኛቸውም ምክር መስጫ ሊሆን አይችልም፣ ከፋለ ይህን ካርታ አይቀበለውም፣ ስሙም አይገባበትም፣ ይህ ተቃውሞ ግን ከካርታው ጋር ገንዘቡን ለሚሰጡት ሁሉ እንዲደርስ ይጠይቃል። የአባቷን ቃል ልትተረጉመው ሞከረች፣ ሁለት ጊዜ ጻፈች ሁለት ጊዜ ሰረዘች፤ ከፈለ የሚለው ቃል ወዲህ ዋጋ መክፈል ነው ወዲያ ለሁለት መክፈል፣ በዚያ ላይ የሰውየው ስም ነው፣ ጀርመንኛ ምን በወጣው ይህን ሁሉ ይሸከማል! ተወችው። በግርጌ ማስታወሻ አድርጋ እንዳለ በፊደል አሰፈረችው፣ ከፋለ ያልለየውን አይከፍልም፣ በግርጌ እንጽፋለን ብሎ የለ፣ እንግዲህ ያስተርጉም። ደግማ ሳታነበው ላከችው። ከዚያ ጫማዋን አወለቀች፣ ጋደም አለች፣ ብርሃኑ ፊቷ ላይ እንዳረፈ፣ ዓይኗ ከበደ፣ እንደ ነሐሴ አገር ከበደ፣ ቢቸና ከፊት ሞጣ ከኋላ ሆነው ከጣሪያው በላይ አለፉ፣ አባቷ ማሳው ላይ ቆመው በትር ሳይቀስሩ እጃቸውን በግንባራቸው አድርገው ሽቅብ ያያሉ፣ እናቷም አጠገባቸው አለች፣ የት ነበርሽ አትላትም።

ስልኩ ጠራ። አሥራ አንድ ሊሆን ትንሽ ቀርቶታል፣ ቁጥሩ የክሌመንስ ነው። ጥሩአየሁ ተነሥታ በባዶ እግሯ ወለሉ ላይ ቆመች፣ አንድ ጊዜ አስጠራችው፣ ሁለተኛ አስጠራችው፣ ጉሮሮዋን እንደ አባቷ ጠራረገችና አነሣችው።

«ከፋለ» አለች።